ጉዳት ቢመጣ የማንን በር ላንኳኳ?

(ደሴ ላይ ስለ ሳይንስ፣ ስለ አዳዲስ ግኝቶችና ስለ ጥንቃቄ በተካሄደ የሕዝብ ውይይት ያቀረብኩት ንግግር ነው። ጥቂት ቦታ ከማስተካከሌ በቀር እንደተናገርኩት ነው ያስቀመጥኩት።)

እንደምን ዋላችሁ! ጤና ይስጥልኝ። አሰላሙ አለይኩም።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ሸሆቻችንና ቀሳውስቶቻችን፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ በዚህ ብርድ ከየሰፈሩ፣ ከሸዋ በርም ከሰኞ ገበያም ከቧንቧ ውሃም ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁም አላችሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፣ ኑ ተቀመጡ።

ርዕሱን ታውቁታላችሁ። አዲስ መድኃኒት፣ አዲስ ዘር፣ አዲስ ፋብሪካ፣ አዲስ ክትባት ሲመጣ ምን እናድርግ? እንቀበል? እንከልክል? ቆይተን እንይ? ሰው በዚህ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል። ሌላው «ካልደፈረሰ አይጠራም» ይላል። ቡና ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ፌስቡክ ላይ ክርክሩ ያው ነው። አንዱ ሌላውን ኋላ ቀር ይለዋል። ያኛው ደግሞ ይሄኛውን የፈረንጅ ተላላኪ ይለዋል። በመሀል ጥያቄው ራሱ ይረሳል።

እኔ ሦስት ነገር አነሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከጎረቤቴ የሰማሁትን አንድ ጥያቄ ላካፍላችሁ። ሙሉ ንግግሬ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

አገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት መስጠት ጀምራለች። ያን ጊዜ አንዲት ጎረቤቴ መጣች። ልጇ ትምህርት ቤት ልትከተብ ነው። «መሃን ያደርጋል ይላሉ፣ እውነት ነው ወይ?» አለችኝ። እውነት እንዳልሆነ ነገርኳት። ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ እንደሆነ፣ ክትባቱም ያንን ቫይረስ ሰውነት አስቀድሞ እንዲያውቀው እንደሚያደርግ አስረዳኋት። ረጋ ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ምን አለች? «እሺ ጋሼ፣ አመንኩዎት። ግን ነገ ልጄ አንድ ነገር ብትሆን የማንን በር ላንኳኳ?»

ልጅቷ ተከተበች። ደህናም ናት። የእናቷ ጥያቄ ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ይህች እናት ሳይንስን አልጠላችም። መሃይምነትም አይደለም። የጠየቀችው ኃላፊ ነው። የሚሰማት ሰው ነው። የማንን በር ላንኳኳ? ይህንን ያዙልኝ።

ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ። አለማድረግም ዋጋ አለው። አዲስን ነገር አለመቀበልም ሰው ይጎዳል።

ይህንን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ጓያ ይበቃናል። ጓያን ማንም ላቦራቶሪ ውስጥ አልፈጠረውም። ፈረንጅ አላመጣብንም። አያቶቻችን የዘሩት፣ ሽሮ አድርገን የምንበላው፣ በቂጣም በንፍሮም የምናውቀው እህል ነው። ጥቁር አፈር ይወዳል። ዝናብ ሲያልቅ በቀረው እርጥበት ያድጋል። ማዳበሪያ አይጠይቅም። ድርቅ ሌላውን እህል ሲያቃጥለው ጓያ ይቆማል። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ጓያ ብቻ ይቀራል። ውስጡ ደግሞ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ። በትንሹ ከሌላ እህል ጋር ሲበላ ብዙ አያስቸግርም። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ይይዛል። አንዴ ከያዘ ደግሞ አይድንም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ከድርቁ በኋላ የሆነውን እዚህ ያላችሁ ትልልቆች ታስታውሳላችሁ። በኛው በወሎ፣ ደላንታ ላይ፣ ለጋምቦ ላይ ስንቱ ሰው ሽባ ሆነ! በብዛት የተያዙት ደግሞ ወጣት ወንዶች ነበሩ። እኔ ያኔ በግብርና ሥራ ገጠር ለገጠር እዞር ነበር። ለጋምቦ ውስጥ አንድ ሰው አገኘሁ። ዕድሜው ገና ነው። በሁለት ዱላ ነው የሚሄደው። እግሮቹ መቀስ ሆነዋል፣ በጣቶቹ ጫፍ ነው የሚረግጠው። አጠገቡ ቁጭ አልኩና «ጓያ እንደሚይዝ አታውቅም ነበር እንዴ?» አልኩት። አየኝ። «አውቃለሁ እንጂ። አውቄ ነው የበላሁት። ልጆቼ ፊት ምን ላቅርብ?» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ለዚህ ሰው «ጥንቃቄ አድርግ» ማለት ምን ማለት ነው? ጓያውን ከለከልነው እንበል። ከዚያስ? በረሃብ ይሙት? አደጋ በሌለበትና አደጋ ባለበት መሀል አልነበረም የሚመርጠው። በሁለት አደጋ መሀል ነበር። እኛ አዳራሽ ውስጥ ስንከራከር ግን አንዱን ብቻ ነው የምናነሳው። መድኃኒት ሰው ቢጎዳ ዜና ይሆናል። መሆንም አለበት። መድኃኒት ባለመምጣቱ፣ ዘር ባለመሻሻሉ የተጎዳውን ግን ማን ይቆጥረዋል? ማን ተጠያቂ ይሆንለታል? የለጋምቦው ሰውስ የማንን በር ያንኳኳ?

ሳይንስ እዚህ ላይ ሥራ ነበረው፣ ሠርቷልም። የኛው ሐኪሞችና ተመራማሪዎች እነዚህን ወረዳዎች አጥንተዋል። ጓያው ተቆልቶ፣ ተቀቅሎ በንፍሮ ወይም በእሸትነቱ ሲበላ አደጋው ከፍ እንደሚል አዩ። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል፣ መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት አደጋውን እንደሚቀንስም ታወቀ። ያን ጊዜ ገጠር ውስጥ ብዙ ሰው የሚፈራው ጓያ ሲቀቀል የሚወጣውን እንፋሎት ነበር! እናቶች ድስቱን ሲከፍቱ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ንፍሮውን ግን ለልጅ ይሰጡ ነበር። ፍርሃት ነበረ ማለት ነው። ጥንቃቄም ነበረ። ዕውቀቱ ስላልደረሰ ግን የተጠነቀቁት ከማይጎዳቸው ነገር ሆነ። ይህንን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። የሚታተም ጥናት ነበረ፣ ማጀት የሚገባ ምክር ግን በጊዜው አልደረሰም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ደብረ ዘይት ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል ዋሴ የሚባል መርዙ አነስተኛ የሆነ የጓያ ዝርያ ወጣ። ትልቅ ሥራ ነው። ግን የመርዙ መጠን እንደ አፈሩና እንደ ድርቁ ይለያያል። ስለዚህ ዘር አውጥቶ ማደል ብቻውን አይበቃም። ተከትሎ መለካት ይፈልጋል። ይህንን መለካት የሚለውን ቃል ዛሬ ደጋግሜ ስለው ትሰማላችሁ።

ሁለተኛው ነጥቤ። የሚጠነቀቅ ሰው የሳይንስ ጠላት አይደለም። ይህንን በተለይ ለእናንተ ለተማሪዎቹ ነው የምለው።

እ.ኤ.አ. በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ታሊዶማይድ የሚባል መድኃኒት ገበያ ወጣ። ለእንቅልፍ ነበር። ለነፍሰ ጡሮች የጠዋት ማቅለሽለሽም ይሰጥ ጀመር። አደጋ የለውም ተባለ። ብዙ አገር ገባ። ከዚያ እጅና እግራቸው ያልተሟላ ሕፃናት ይወለዱ ጀመር። በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ተጎዱ። ጀርመን ውስጥ ከገበያ የወጣው በ1961 መጨረሻ ነው።

አሜሪካ ግን ከዚህ መዓት በአብዛኛው ተረፈች። ለምን? ፍራንሲስ ኬልሲ የምትባል ሴት ነበረች። ሐኪምም የመድኃኒት ተመራማሪም ናት። በ1960 መድኃኒት በሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ገና አዲስ ተቀጣሪ ነበረች። የዚህ መድኃኒት ማመልከቻ ጠረጴዛዋ ላይ መጣ። ማስረጃው አላረካትም። «ተጨማሪ አምጡ» አለች። ኩባንያው ተመላለሰ፣ ወተወተ፣ ለአለቆቿ አቤት አለ። እሷ ግን ፊርማዋን አልሰጠችም። ስንት ሕፃን አተረፈች! ሳይንስን ስለጠላች ነው? አይደለም። ሳይንስን ከእነሱ በላይ ስላከበረች ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ያው መድኃኒት ዛሬ በዓለም ላይ አለ። የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን የሚያሠቃይ አንድ ከባድ የሰውነት ቁጣ አለ፣ እሱን ያስታግሳል። ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰርም ይሰጣል። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲታከሙበት የኖረው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ጎረቤታችን ነው። የሥጋ ደዌ ሕመም ምን እንደሚያደርግ ደሴ ታውቃለች። ስለዚህ ነው ይህ ነገር ልቤን የሚነካው። ሕፃናትን ያጎደለው መድኃኒት የሌላ ሰው ሥቃይ ያስታግሳል። ልዩነቱ ምንድን ነው? አሁን የሚሰጠው በጥብቅ ቁጥጥር ነው። ለማን፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ክትትል እንደሚሰጥ ታውቋል። አደጋውን የሚያውቁ ሰዎች እጅ ላይ ነው ያለው።

ሐረጎን በጉም የወረደ ሹፌር ያውቃል። መኪናውን ኩርባ መሀል አቁሞ አይተኛም። እየከነፈም አይወርድም። መብራቱን ያበራል፣ በከባድ ማርሽ ይወርዳል፣ ክላክሱን ይነፋል። ጥንቃቄ የምለው ይህንን ነው።

በ1992 እ.ኤ.አ. ሪዮ ላይ የዓለም መንግሥታት የተስማሙበት ሐሳብም ከዚህ አይርቅም። ከባድ ወይም የማይመለስ ጉዳት የሚያሰጋ ከሆነ «ሳይንሱ ገና አልተረጋገጠም» ብሎ መከላከልን ማዘግየት አይገባም ነው የሚለው። ይህንን ሐሳብ ወደ ሕግ ለመለወጥ ከታገሉት ዋነኛው ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር። የአፍሪካ አገሮችን ወክለው ተከራክረው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ የካርታኼና ፕሮቶኮል ሲጸድቅ ትልቁን ድርሻ ተወጥተዋል። ልውጥ ሕያዋን፣ ማለትም ዘረመላቸው በሰው እጅ የተለወጠ ሕያዋን፣ ከአገር አገር ሲሻገሩ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ እንዲያውቅ፣ መርምሮም እሺ ወይም እምቢ እንዲል የሚያደርግ ስምምነት ነው። እኒህን ሰው አከብራለሁ። የድሃ አገር ገበሬም ይጠየቅ ብለው ነው የቆሙት። የማንን በር ላንኳኳ የሚለውን ጥያቄ ዓለም አቀፍ አዳራሽ ውስጥ ያስገቡት እሳቸው ናቸው።

ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው፣ ልውጥ ሕያዋንን የሚቆጣጠረው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 በጣም ጥብቅ ነበር። ለምርምር እንኳን በሩ ጠባብ ነበር። የኛ ተመራማሪ በአጥር ውስጥ፣ በቁጥጥር ሥር ራሱ ሞክሮ እንዲያይ ዕድል ካልሰጠነው ምን እንጠብቃለን? ሌላ አገር የሞከረውን ሰምተን ልናምን ወይም ልንክድ ብቻ ነው። ይህ ለእኔ ጥንቃቄ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 መሻሻሉ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። በዚህ የማትስማሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ በኋላ እንነጋገራለን።

ከዚያ በ2010 ዓ.ም. ልውጥ የጥጥ ዘር ተፈቀደ። ኮምቦልቻዎች፣ ይህ እናንተን ይመለከታል። ከተማችሁ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። ያለ ጥጥ ፋብሪካው አይዞርም። የጥጥ ገበሬ ደግሞ ጓይ ትልን ያውቃታል። ፍሬውን በስታ ትገባለች። ገበሬው በመርዝ ይረጫል፣ መልሶ ይረጫል፣ መርዙን ራሱ ይተነፍሰዋል። አዲሱ ዘር ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ስላለው ትሏ ስትበላው ትሞታለች። መርጨቱ ይቀንሳል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን ዘሩ ዲቃላ ስለሆነ በየዓመቱ ይገዛል። ሕንድ አገር ደግሞ ሮዝ የምትባለው የጥጥ ትል ውሎ አድሮ ለዘሩ ተላምዳዋለች። ታዲያ ትሏ እዚህም መላመድ ብትጀምር መጀመሪያ የሚያውቀው ማን ነው? ገበሬው ምርቱ ሲጠፋ የት ሄዶ ይናገራል? «ይፈቀድ» ያለውም «አይፈቀድ» ያለውም ለዚህ መልስ ሲሰጥ አልሰማሁም። ሁለቱም ከፈቃዱ ቀን በኋላ ወደ ቤታቸው ነው የገቡት።

አሁን ሦስተኛው። ለእኔ ዋናው እሱ ነው። የሚንኳኳ በር ሲኖር ሰው አዲስ ነገር ይቀበላል። በር ሲጠፋ ወሬ ቦታውን ይይዛል።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገራችሁ። «ደስታ» የሚባለው የከብት ወረርሽኝ። በ1880ዎቹ ክፉ ቀን ጊዜ በሬውን ጨርሶ ሕዝቡን ለረሃብ የዳረገው እሱ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም አልለቀቀንም ነበር። ክትባት አለ፣ ግን ቅዝቃዜ ይፈልጋል። የአፋር በረሃ ውስጥ ማን ፍሪጅ ይዞ ይዙር? ከዚያ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠራ። ለሳምንታት ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል። የአፋር አርብቶ አደሮችን ራሳቸውን አሠልጥነን እነሱ ይክተቡ የሚል ሐሳብ መጣ። ባለሙያው መሀል ክርክር ተነሣ። ፊደል ላልቆጠረ ሰው መርፌ ይሰጣል ወይ? ጥያቄው አግባብ ነበረው። መልሱ የተገኘው በሥልጠና፣ በክትትልና በቁጥጥር ነው። ከታች ከጎረቤታችን ከአፋር የመጣው ውጤት ግሩም ነበር። በአገራችን የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ዓለም ከዚህ በሽታ ነፃ መሆኗ ታወጀ። አፋሩ ለምን ከብቱን ለመርፌ አቀረበ? የሚወጋለት ሰው የጎሳው ልጅ ነው። ከብቱ ቢታመም ቤቱን ያውቀዋል። በሩን ያንኳኳል።

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን እንምጣ። ቦርከና።

ወንዛችን ነው። ደሴን አቋርጦ ይወርዳል፣ ኮምቦልቻን ያልፋል፣ ወደ ጨፋ ሜዳ ይዘልቃል፣ መጨረሻው አዋሽ ነው። ደሴ ቆሻሻዋን ታወርድበታለች። ይህንን ማንም አይክደውም፣ እኛው ነን የምንጥለው። ኮምቦልቻ ላይ ከፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ በሌዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ይገባበታል። ተመራማሪዎች በእነዚህ ወንዞች ላይ ክሮሚየምንና ዚንክን የመሰሉ ብረቶችን ለክተው አሳትመዋል። ክሮሚየም ቆዳ ሲለፋ የሚገባ ነው። ከታች ደግሞ ሰው ጎመኑን ያጠጣበታል። ከብት ይጠጣዋል። በበጋ ጨፋ ላይ ከአፋር ሳይቀር ከብት ይመጣል።

ፋብሪካ ይዘጋ እያልኩ አይደለም። ስሙኝ፣ ፋብሪካ ይዘጋ እያልኩ አይደለም! ልጆቻችን የሚያድሩት በእሱ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከተደሰቱት አንዱ ነኝ። ሥራ አጥነትም በሽታ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ውሃው ዛሬ እንዴት ነው? ዛሬ! የዛሬ አሥር ዓመት የታተመ ጥናት ላይ ሳይሆን በዚህ ወር። ጎመኗን የምታጠጣዋ እናት ይህንን ማን ይንገራት?

ባለፈው አንድ የመስኖ ገበሬ ከኮምቦልቻ በታች አገኘሁ። «ውሃው አንዳንድ ቀን ቀለሙ ይለወጣል፣ ያን ቀን አላጠጣም» አለኝ። እኔም ዝም ብዬ ቆየሁ። ይህ ሰው በዓይኑ ነው የሚለካው። ክሮሚየም ግን በዓይን አይታይም። ንፁህ በሚመስልበት ቀንም ሊኖር ይችላል። እንደ ጓያው እንፋሎት ነው፣ በሚታየው ይጠነቀቃል፣ በማይታየው ያጠጣል።

በር አለ ወይ ካላችሁኝ፣ በሕጉ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንፁህና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጠናል። አንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ የሚነካን ፕሮጀክት ሲታቀድ ሐሳባችን እንዲጠየቅ ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። በእሱ መሠረት ማንም ሰው፣ «አንተን ምን አገባህ» ሳይባል፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህንን የምታውቁ እጃችሁን አንሡ እስቲ።

አያችሁ? ጥቂት ናችሁ። በሩ አለ፣ መንገዱን የሚያሳይ ጠፋ።

ስለዚህ ሳልወርድ የምጠይቃችሁ ነገር አለ። እዚህ ያላችሁ የከተማ አስተዳደርና የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች፣ ቦርከና ከደሴ በላይ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መሀል፣ ከኮምቦልቻ በታች በየወሩ ይለካ። ውጤቱ ፋይል ውስጥ አይቅር። በአማርኛ ተጽፎ ቀበሌ በር ላይ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይለጠፍ። ከሥሩ የሚመለከተው ባለሙያ ስልክ ይጻፍበት። የፋብሪካ ባለቤቶች፣ ማጣሪያችሁ በደንብ የሚሠራ ከሆነ ከማንም በላይ የምትጠቀሙት እናንተ ናችሁ፣ ወሬ ይቀርላችኋል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ደሴም ኮምቦልቻም ካምፓስ አላችሁ፣ መለኪያውም ተማሪውም እናንተ ጋ ነው። ጥናታችሁ ከመጽሔት ወጥቶ ጎመን ሻጯ ጋ ይድረስ። ተማሪዎች፣ በትምህርት ቤት ሳይንስ ክበባችሁ የውሃ ናሙና አወሳሰድ ተማሩ። ጤና ጣቢያ ያላችሁ ባለሙያዎች ደግሞ፣ እናት መጥታ ስለ ክትባት ስትጠይቃችሁ አትቆጧት። ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯት፣ ስማችሁንም ስልካችሁንም ስጧት።

ስለሰማችሁኝ አላህ ያክብርልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በአዋጁ ላይ ያልተስማማችሁ ወንድሞቼ ቀድማችሁ ጠይቁኝ። ማይኩ ከግራ በኩል ይጀምር።